የፈረሰኞችን አፈ ታሪክ ለልጆች እያሳቁ መተረክ ምንድን ነው?

ላንስሎት በብሪታንያ አፈ ታሪክ የሚተረክለት የንጉሥ አርተር ፈረሰኞች ቁንጮ ነው። ታዲያ አንድ ቀን ጫካ ውስጥ ምንጭ ዳር ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ አንዲት አዳኝ ሴት ደግሞ አጋዘን አነጣጥራ ስትስት ፍላጻዋ ሄዶ እሱ መቀመጫ ላይ ይሰካል (ጨዋውን ቃል መርጬ ነው)። ጀግናው ኮርቻ ላይ መቀመጥ አቃተው። ያውም ትልቅ የፈረሰኞች ግጥሚያ ደርሶ! እኔ አልፈጠርኩትም፤ ዊልያም ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1485 ባተመው የቶማስ ማሎሪ ድርሰት ውስጥ ያለ ነው።

የፈረሰኞችን አፈ ታሪክ ለልጆች እያሳቁ መተረክ የሚባለው እንግዲህ ከዚህ ይነሳል። ስሙን፣ መሐላውንና ጉዞውን ሳይነኩ ውስጡ የኖረውን ሳቅ አውጥቶ የዛሬ ልጅ በሚገባው አንደበት ማውራት ነው። ማሾፍ አይደለም። በፈረሰኛው ላይ እያሾፈ የሚጽፍ ሰው ሁለት ገጽ ያስቃል፣ ከዚያ ይሰለቻል።

ዋናው ዘዴ ኮስተር ማለት ነው። ፈረሰኛው ራሱን በጣም ያከብራል፣ ተራኪውም አብሮ ያከብረዋል፤ የሚያስቀው የሚደርስበት ነገር ነው። የ12ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ክሬቲየን ደ ትሯ ይሄን ያውቅበት ነበር። ላንስሎት ስለሚወዳት ንግሥት፣ ስለ አርተር ሚስት፣ እያሰበ በሐሳብ ጭልጥ ይላል፤ የተጠማው ፈረሱ ወንዝ ሲገባ አያውቅም፣ የመሻገሪያው ጠባቂ ሦስት ጊዜ ሲጮህበት አይሰማም፣ የሚነቃው ሰውዬው ውሃ ውስጥ ሲጥለው ነው። ክፍል ውስጥ በሐሳብ ነጉዶ ስሙ ሲጠራ ያልሰማ ልጅ አለ እንዴ?

ሌላው ዘዴ ታሪኩን ለጋሻ ጃግሬው መስጠት ነው። የብረት ልብሱን የሚወለውለው፣ ጌታው ፈረስ ላይ ሲወጣ የሚደግፈው፣ ከግጥሚያው በፊት ፉከራውን ከግጥሚያው በኋላ ደግሞ ማቃሰቱን የሚሰማው እሱ ነዋ።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ለልጆች ነው ተብሎ አደጋው ጥርግ ተደርጎ ይወጣል። የንግሥቲቱና የላንስሎት ፍቅር ቀለል ቢል ግድ የለም፤ ፍርሃቱ ሲወጣ ግን ሳቁም አብሮ ይሄዳል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፈ የእንግሊዝ ግጥም ሌላው የአርተር ፈረሰኛ ጋዋይን የአረንጓዴውን ፈረሰኛ አንገት ይቀላል። ሰውዬው ጭንቅላቱን ከመሬት አንስቶ፣ ከዓመት በኋላ ተራው ያንተ ነው ብሎት ውልቅ ይላል። ዓመቱ ደርሶ ጋዋይን አንገቱን ሲሰጥ፣ መጥረቢያው ሲወርድ ትከሻው ሽምቅቅ ይላል። ግዙፉ ሰውዬ ይቆጣዋል። ጋዋይንም ሁለተኛ አልሸማቀቅም፣ ብቻ የኔ ጭንቅላት ከወደቀ እንዳንተ መልሼ አልገጥመውም ይለዋል።