ለትምህርት ቤት ባንድ አዲስ ሙዚቃ ማስደረስ በወሎ

ሙዚቃ ማስደረስ ማለት ትምህርት ቤቱ ከደራሲ ጋር ተዋውሎ ለራሱ ባንድ ልክ የተሰፋ ሥራ ማሠራት ነው። ወሎ ላይ ንግግሩ ከቅኝት፣ ማለትም ዜማው ከሚሠራባቸው አምስት ድምፆች ስብስብ፣ ቢጀምር አያስገርምም፤ ከአራቱ ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸው የወሎ ቦታዎች ስም ነው። ቅኝቱን መርጦ መነሻ ድምፁን ለደራሲው መተው ግን ኋላ ልምምድ ላይ ያስከፍላል።

አምባሰል ከሲ ሲነሳ ድምፆቹ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ እና ኤ ፍላት ናቸው። ደራሲው እንደ ልማዱ በፒያኖ ቢ ፍላት ላይ ቢያስቀምጠው የትራምፔቱ ኖታ ከሲ ይነሳል፤ ለቢ ፍላት ትራምፔት ከሚሰማው አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይጻፋልና። ታችኛው ዲ ፍላት ሦስቱንም ቁልፍ ያስጫናል። ሦስቱ አብረው ሲጫኑ ደግሞ የቱቦው ርዝመት ከሚፈለገው ስለሚያንስ ድምፁ ወደ ላይ ይሸሻል። የሚሸሸውም አምባሰልን አምባሰል የሚያሰኘው ድምፅ ነው! የበሰለ ተጫዋች የሦስተኛውን ቁልፍ ተንሸራታች ቱቦ ገፋ አድርጎ ያስተካክለዋል፤ ጀማሪ ግን፣ በተለይ ቱቦው ቅባት አጥቶ ከተጣበቀ፣ አይሆንለትም። መነሻው በፒያኖ ኢ ፍላት ቢሆን ትራምፔቱ ከኤፍ፣ አልቶ ሳክስፎኑ ከሲ ይጀምራሉ፤ ዜማው ከመነሻው በታች እስካልወረደ ድረስ ችግሩ አይነሳም። ሌላው ቅኝት አንቺሆዬ በተቀራራቢ ድምፆቹ የተነሳ ለጀማሪ ባንድ ይከብዳል።

ማሲንቆና ክራር ከገቡ እነሱ ወደ ትንፋሽ መሣሪያዎቹ ይቃኙ። ዋሽንት ግን ክር የለውም፤ ለተመረጠው መነሻ የሚስማማ ርዝመት ያለው ቀድሞ መገኘት አለበት።

ለደራሲው የሚላከው ዝርዝር እውነቱን ይናገር፦ ስንት ትራምፔት እንዳለ፣ ስንቱ እንደሚሠራ፣ ማን ኖታ እንደሚያነብ፣ ማን በጆሮ እንደሚጫወት፣ እያንዳንዱ ያለ ጭንቀት የሚደርስበት ከፍተኛና ዝቅተኛ ድምፅ። ባንዱ ቆሞ ሲጫወት የተቀዳ የ2 ደቂቃ ድምፅ ቢታከል ከገጽ ሙሉ ማብራሪያ ይበልጣል። ደራሲው በኮምፒውተር አቀናብሮ የሚልከው ናሙና ያማረ ቢመስልም አይታመን፤ ኮምፒውተር ትንፋሽ አያጥረውም። ለጀማሪዎች 3 ደቂቃ ይበቃል። በ6/8 ምት ከሆነ ከበሮው ራሱን የቻለ ኖታ ይጻፍለት፤ «እንደተለመደው ምታ» ተብሎ የተተወ ከበሮ መሐል ላይ ይፈጥናል።

ለሰኔ የወላጆች ቀን የታሰበ ሥራ ውሉ ጥቅምት ላይ ይፈረም፣ ረቂቁ ታኅሣሥ ላይ ይሞከር፣ የየመሣሪያው ኖታ ተለይቶ የካቲት ላይ ይድረስ። ክፍያውን በሦስት መክፈል ይሻላል፦ ሲፈረም፣ ረቂቁ ሲሞከር፣ የመጨረሻው ኖታ ሲገባ። ረቂቁን ባንዱ ሳይሞክረው ሁለተኛውን መክፈል የማረሚያ ጉልበትን አሳልፎ መስጠት ነው። ስንት ጊዜ ማረሚያ እንደሚሠራም ይጻፍ፤ ሁለት ጊዜ ተገቢ ነው።

መብቱን በተመለከተ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን ኢኮኖሚያዊ መብት (ከሥራው የመጠቀም) እና የሞራል መብት (በሥራው ስሙ የመጠራት) ለይቶ ያያል። ስለዚህ ባንዱ ሥራውን በሌላ መድረክ መጫወት፣ መቅዳትና ለሌላ ትምህርት ቤት ማዋስ ይችል እንደሆነ በውሉ በግልጽ ይቀመጥ። የሕዝብ ዜማ መነሻ ከሆነም ይገለጽ፤ የዘፋኝ ቅንብር ከተወሰደ ግን ፈቃድ ያሻዋል።

ለ20 ተጫዋች 20 ቅጂ ይታተም። ሜዳ ላይ ለሁለት አንድ ወረቀት አይሠራም፤ የልብስ መቆንጠጫ ካልተያዘም ነፋሱ ይወስደዋል።