«አባቴ ሞንትሪያል ስለሚኖር እኔም የኩቤክ ነኝ?» በወላጅ በኩል ስለሚገኝ የፕሮቪንስ ነዋሪነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በካናዳ ብዙዎቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች አብዛኛውን ቦታ የሚይዙት ለራሳቸው ፕሮቪንስ (የካናዳ ክልል) ልጆች ነው። የማስተማሪያውን ወጪ በአብዛኛው የሚደጉመው የፕሮቪንሱ መንግሥት ነው፤ እዚያ ያደገ ሐኪም እዚያው ይቀራል የሚል እምነትም አለ። ቤተሰብ ለሥራ ኦንታሪዮ ካለችው ቶሮንቶ አልበርታ ወዳሉት ኤድመንተን ወይም ካልጋሪ ሲዛወር፣ ወይም እናትና አባት በተለያየ ፕሮቪንስ ሲኖሩ፣ «ልጁ የየት ነው?» የሚለው ጥያቄ የማመልከቻውን ዕጣ ሊወስን ይችላል። በየቤቱ የሚሰጠው መልስ ግን ብዙ ጊዜ ስህተት ነው።

«ፒአር አለኝ፤ ስለዚህ ነዋሪ ነኝ።»

ግራ የሚያጋባው ቋንቋችን ራሱ ነው፤ ፒአር ላለውም የፕሮቪንስ ነዋሪ ለሆነውም «ነዋሪ» እንላለን። ፒአር የፌዴራል መንግሥቱ የሚሰጠው በካናዳ በቋሚነት የመኖር ፈቃድ ነው። የፕሮቪንስ ነዋሪነት ሌላ ነገር ነው፤ ዜጋም ሆነ ፒአር ያለው ሰው ለየብቻው ማስረዳት አለበት። ፒአር በሩን ይከፍታል፤ በየትኛው ወረፋ እንደምትቆሙ ግን አይወስንም።

«ወላጆቼ ያሉበት ፕሮቪንስ የእኔም ነው፤ የትም ባመለክት ይሠራል።»

አገር አቀፍ ሕግ የለም። የወላጅ መኖሪያ በአንዱ ቦታ ብቻውን በቂ ሲሆን በሌላው ምንም ዋጋ የለውም።

ኩቤክ ላይ በእርግጥ ይሠራል። የፕሮቪንሱ መንግሥት «የኩቤክ ነዋሪ» የሚያሰኙ ሁኔታዎችን ዘርዝሯል፤ አመልካቹ አንዱን ብቻ ማሟላት ይበቃዋል። ከእነዚህ አንዱ እናት ወይም አባት ኩቤክ ውስጥ መኖራቸው ነው። ሌላው ደግሞ እዚያ መወለድ ነው፤ ሞንትሪያል ተወልዶ በሕፃንነቱ ወደ ካልጋሪ የተወሰደ ካናዳዊ ወላጆቹ የትም ቢኖሩ በልደቱ ብቻ ሊያመለክት ይችላል። ይህን ዕድል ሳያውቁት የሚያልፉ እንዳይኖሩ እንፈልጋለን።

ኦንታሪዮ ውስጥ ያለው የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ግን የሚያየው አመልካቹን ራሱን ነው። ዜጋ ወይም ፒአር ያለው ሆኖ፣ ዕድሜው 14 ዓመት ከሞላ በኋላ ትምህርቱ እስከሚጀምርበት ቀን ድረስ ቢያንስ 3 ዓመት ኦንታሪዮ መኖር አለበት። አባቱ ቶሮንቶ ቤት ቢኖራቸውም ልጁ እዚያ ካልኖረ አይጠቅመውም። በተቃራኒው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ኦንታሪዮ የተማረ ልጅ ቤተሰቡ ከዚያ ወዲህ አልበርታ ቢገባም ለማክማስተር የኦንታሪዮ ልጅ ነው። የቃለ መጠይቅ ቦታዎቹ 90 በመቶ የሚሰጡት ለኦንታሪዮ ነዋሪዎች ስለሆነ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። እዚያው ኦንታሪዮ ያለው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ግን አመልካቹ ከየትኛው ፕሮቪንስ መጣ ብሎ አያበላልጥም።

የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ የሚጠይቀው ትምህርት ከሚጀመርበት ቀን በፊት አንድ ዓመት ያልተቋረጠ ኑሮ ነው። ለሙሉ ጊዜ ትምህርት ከፕሮቪንሱ መውጣት ዓመቱን እንደማቋረጥ አይቆጠርም። እዚህ ላይ የሚሳሳቱ አሉ። ልጁ ኦታዋ እየተማረ ሳለ ወላጆቹ ኤድመንተን ከገቡና እሱ አንድም ቀን እዚያ ካልኖረ፣ ይህ አንቀጽ ያድነዋል ብሎ መተማመን አደገኛ ነው። አንቀጹ የነበረ ነዋሪነት እንዳይቋረጥ ይጠብቃል እንጂ ያልነበረውን አይፈጥርም።

«ሞንትሪያል አራት ዓመት ተምሬያለሁ፤ ወላጅ አያስፈልገኝም።»

በኩቤክ ሕግ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ሆኖ ያለፈ ጊዜ በዚህ መንገድ አይቆጠርም። በራስ ኑሮ ለማመልከት፣ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ሳይሆኑ ለመጨረሻ ጊዜ 12 ተከታታይ ወር የኖሩበት ቦታ ኩቤክ መሆን አለበት።

«አጎቴ ስፖንሰሬ ስለሆነ እንደ ወላጅ ይቆጠራል።»

እኛ ዘንድ «ስፖንሰር» የትምህርት ወጪ የሚችልም፣ ቤቱ የሚያሳድርም ሰው ነው። በኩቤክ ሕግ ወላጅ ማለት የወለዱ ወይም በሕግ በጉዲፈቻ የወሰዱ እናት ወይም አባት ናቸው፤ ስፖንሰር ደግሞ ፒአር ለማግኘት በኢሚግሬሽን በኩል በይፋ ዋስ የሆነ ሰው ነው። አጎት ልጁን ያስመጡት በዚህ መንገድ ከሆነ ወረቀቱ ይጠቅማል፤ ያሳደጉት በደግነት ብቻ ከሆነ አይበቃም። ወላጆች ተለያይተው ከሆነ ግን አትጨነቁ፤ ከሁለቱ የአንዳቸው ኩቤክ መኖር በቂ ነው።

«የአባቴን ሄልዝ ካርድ (የጤና መድን ካርድ) ካያያዝኩ አለቀ።»

ካርዱ አባትዬው እዚያ እንደሚኖሩ ያሳያል። የእናንተ አባት መሆናቸውን አያሳይም። ያንን የሚያሳየው የወላጆች ስም ያለበት የልደት ምስክር ወረቀት ነው፤ እኛን የሚቸግረንም እዚህ ነው። ሳራ ተስፋዬ የተባለች ልጅ አባት ተስፋዬ ገብሬ፣ እናት አልማዝ በቀለ ቢባሉ፣ ለካናዳዊው መርማሪ ሦስቱ የተለያየ የቤተሰብ ስም ያላቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ከማመልከትዎ ወራት በፊት የሚከተሉትን ይመርምሩ፤ ከአዲስ አበባ ወረቀት ማስመጣት ጊዜ ይወስዳል።

በመጀመሪያ በልደት ወረቀቱ ላይ ያለው የአባት ስም እስከ አያት ድረስ ሙሉ ነው ወይ? ቀጥሎ በላቲን ፊደል የተጻፈው ከፓስፖርቱና ከሄልዝ ካርዱ ጋር አንድ ነው? «ተስፋዬ» በአንዱ ወረቀት በአንድ አጻጻፍ፣ በሌላው በሌላ ተጽፎ ይገኛል፤ እንዲህ ከሆነ ሁለቱም የአንድ ሰው ስም መሆናቸውን የሚገልጽ የመሐላ ቃል አስፈርማችሁ አያይዙ። የልደት ቀኑንም ተመልከቱ። በእኛና በፈረንጆቹ አቆጣጠር መካከል የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ስላለ፣ ሳይቀየር የተገለበጠ የልጁ የልደት ዓመት አባትን ከልጁ ብዙም የማይበልጥ ሊያስመስል ይችላል። ወረቀቱ በአማርኛ ብቻ ከሆነ በሕጋዊ ተርጓሚ ይተርጎም። በመጨረሻ የኩቤክ ነዋሪነት ማረጋገጫ ቅጹ ተሞልቶ ይፈረማል።

«አባቴ ሞንትሪያል ኮንዶ አላቸው፤ ዓመቱን አዲስ አበባ ቢያሳልፉም ነዋሪ ናቸው።»

ቤት ማለት ነዋሪነት አይደለም። በኩቤክ የጤና መድን ሕግ፣ ከተወሰኑ ፈቃዶች በስተቀር፣ በአንድ ዓመት ውስጥ 183 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከፕሮቪንሱ ውጪ ያሳለፈ ሰው የዚያን ዓመት ሽፋን ያጣል፤ 21 ቀን ወይም ከዚያ ያነሱ ጉዞዎች አይደመሩም። ወላጅ ለረጅም ጊዜ አገር ቤት የሚሄዱ ከሆነ ጉዞውን ከማመልከቻው ዓመት ጋር አገናዝቡ።

«የሚመቸኝን ፕሮቪንስ እሞላለሁ፤ ማን ያጣራል?»

የታክስ ቅጽ ታኅሣሥ 31 (በፈረንጆቹ) የት እንደነበራችሁ ይጠይቃል። መንጃ ፈቃድና ሄልዝ ካርድም የራሳቸውን ይናገራሉ። ሦስቱ እርስ በርስ ሲጣሉ ማመልከቻው ይጠረጠራል፤ ሐሰት ከተገኘ ከተቀበሏችሁ በኋላም ሊሰርዙት ይችላሉ። ለዓመታት የተለፋበትን ሕልም ለዚህ አሳልፎ መስጠት በጣም ያሳዝናል።

«የኩቤክ ነዋሪነት ካገኘሁ ማክጊል በእንግሊዝኛ ስለሆነ ፈረንሳይኛ አያስፈልገኝም።»

ሞንትሪያል ያለው የማክጊል ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ቢያስተምርም ከበሽተኛ ጋር ለመግባባት የሚበቃ ፈረንሳይኛ ይጠይቃል። የሞንትሪያል፣ የላቫልና የሸርብሩክ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩት በፈረንሳይኛ ነው።

ሁኔታችሁ ከተጻፈው ሕግ ጋር በግልጽ ካልገጠመ ለትምህርት ቤቱ የቅበላ ክፍል በኢሜይል ጠይቁ፤ በስልክ የተሰጠ መልስ ማስረጃ አይሆንም። ወላጅ ወደ ፕሮቪንሱ የገቡበትን ቀን፣ እናንተ ራሳችሁ የኖራችሁበትን ከመቼ እስከ መቼ፣ የሙሉ ጊዜ ተማሪ የነበራችሁባቸውን ወራት ጻፉ። ሕጎቹ ከዓመት ዓመት ስለሚሻሻሉ የምታመለክቱበትን ዓመት መጥቀስ አትርሱ፤ መልሱንም ከማመልከቻው ጋር አስቀምጡ።