የፒያሳ አሮጌ ቤቶች

ስለ አዲስ አበባ ቅርስ ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው አራዳ ጊዮርጊስ ነው። ይገባዋል። ባለ ስምንት ማዕዘኑ ቤተ ክርስቲያን የአድዋ ድል መታሰቢያ ነው። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን አቃጠለው፤ በኋላ ታደሰ። ንግሥት ዘውዲቱም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ዘውድ የደፉት እዚያው ነው። እንዲህ ያለ ሕንፃ ጠባቂ አያጣም።

ጠባቂ ያጣው የጭቃ ቤቱ ነው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ህንዶች፣ አርመኖችና ግሪኮች ከአገሬው አናጢ ጋር ብዙ ቤት ሠሩ። ብዙዎቹ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። ምድር ቤቱ ድንጋይ፣ ፎቁ ቋሚና ማገር ሆኖ በጭቃ የተመረገ፣ ዙሪያውን የእንጨት በረንዳ። የጣሪያው ጠርዝ ላይ ጥልፍ የመሰለ የእንጨት ቅርጽ አለ። ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው፤ ማታ ማታ አይጥ ሲሮጥበት እንደ ከበሮ ይመታል።

አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ ብዙዎቹ የቀበሌ ሆኑ። ለአንድ ቤተሰብ የተሠራው ሳሎን በኮምፔርሳቶ ተከፋፍሎ ለሦስት አባወራ ተሰጠ። ኪራዩ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ በዚያ ገንዘብ ቤት አይታደስም። ቆርቆሮው ሲያፈስ ላስቲክ ይለብሳል፣ ላስቲኩ ላይ ድንጋይ ይጫናል።

እድሳቱም አንዳንዴ ገዳይ ነው። የጭቃ ግድግዳ በክረምት ይርሳል፣ በበጋ ይደርቃል። ላዩን በሲሚንቶ ከለሰኑት እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ከውጭ አዲስ ይመስላል፤ ከውስጥ ማገሩ ይበሰብሳል። እነዚህን ቤቶች የሚያውቅ ሰው ጭቃን በጭቃና በኖራ ነው የሚጠግነው።

ሕጉ አለ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ ቤት ያለ ፈቃድ እንዳይነካ ይከለክላል። ችግሩ «የተመዘገበ» የምትለዋ ቃል ናት፤ መዝገብ ላይ የሌለውን ቤት አትጠብቅም። በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማቱ ሰፊው የፒያሳ ክፍል ሲፈርስ መንደሩ እንዳለ ከቦታው ጠፋ። አንድ ቤት ለብቻው ቢተርፍ እንኳ ጎረቤቱ፣ መተላለፊያው፣ ግቢው የለም።

የቆሙት አብዛኞቹ ሥራ ያላቸው ናቸው። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል። እቴጌ ጣይቱ ያቋቋሙት ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ጎዳው፤ ተጠግኖ እንግዳ መቀበሉን ቀጠለ። ዛሬም የእንጨት ደረጃው ሲረገጥ ሲጢጥ ይላል፤ ታች ሰው ቡናውን ይጠጣል።