«ቶክ ኢንቱ» ምንድን ነው?

«ቶክ ኢንቱ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ግሥ «አታሎ ማስደረግ» ብሎ የሚፈታ ማብራሪያ ዛሬም አነበብኩ። አብራሪው በዚህ ሳያበቃ «ለበጎ ነገር አይውልም» ሲል ደምድሟል። ይህን የተማረ ሰው ምስጋናን እንደ ክስ ይረዳል።

«ሺ ቶክድ ሂም ኢንቱ ሲዪንግ ኤ ዶክተር» ሲባል ሕመሙን ችላ ያለውን ሰው አግባብታ ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ አደረገችው ማለት ነው። ማታለሉ የት ላይ ነው? የምናውቀው ሰውየው መጀመሪያ ማመንታቱን፣ መሣሪያው ንግግር መሆኑንና በመጨረሻ እሺ ማለቱን ብቻ ነው።

«ኢንቱ»ን እንደ ደጃፍ እናስበው፤ ደጃፉ ላይ «አልገባም» የሚል ሰው ቆሟል። ሰውየው እንዴት እንደገባ የሚነግረን ከ«ኢንቱ» ቀድሞ የሚመጣው ግሥ ነው። «ትሪክ» ከሆነ ተታሎ፣ «ፎርስ» ከሆነ ተገዶ፣ «ቶክ» ከሆነ ተለምኖ ወይም ተመክሮ ገብቷል። ደጃፉ ለሁሉም አንድ ነው፤ ተንኮሉን ይዞ የመጣው «ትሪክ» ነው። ሊገባ ያሰበውን በንግግር ከመለሱት «ቶክ አውት ኦፍ» ይሆናል። ደጃፉ ላይ እንደቆመ ከቀረ ደግሞ «ቶክድ ኢንቱ» ማለት አይቻልም፤ ለፍቶ ያልተሳካለት ሰው «ትራይድ ቱ» (ሞከርኩ) ብሎ መጀመር አለበት።

እርግጥ «ሂ ቶክድ ሚ ኢንቱ ኢት» (እሱ አግባብቶ አስደረገኝ) ሲባል ብዙ ጊዜ ጸጸት ይሰማል። አብራሪውን ያሳሳተው ይህ ይመስለኛል። ጸጸቱ ግን ከዐውዱ የመጣ ነው፤ ያው ዐረፍተ ነገር ደስ ብሎት ከሚያመሰግን ሰው አፍም ይወጣል።

«ማሳመን» የሚለው ፍቺም ሙሉ በሙሉ አይበቃም። «ማሳመን» ተብሎ የሚተረጎመው «ፐርስዌድ» ሐሳብን ለማስቀበልም ድርጊትን ለማስፈጸምም ይሆናል፤ «ቶክ ኢንቱ» ግን የሚያደርሰው ወደ ድርጊት ነው። ምድር ክብ መሆኗን ለጓደኛዬ አስረድቼ ካሳመንኩት ይህ ግሥ አያገለግለኝም፣ «ቢሊቪንግ» (ማመን) የሚለውን ካልጨመርኩበት በቀር።

የሚለመነው ወይም የሚመከረው ሰው መሐል ይገባል፦ «ቶክ ሂም ኢንቱ» እንጂ «ቶክ ኢንቱ ሂም» አይባልም። «ኢንቱ» መስተዋድድ ስለሆነ ይህን ጥምረት «ፍሬዛል ቨርብ» ከሚባሉት (ግሥ ከሌላ ትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ አንድ ፍቺ ከሚሰጥባቸው) የማይቆጥሩ የሰዋስው ሊቃውንት አሉ፤ ለተናጋሪው ግን የሚለወጥ ነገር የለም። ቀጥሎ የሚመጣው ግሥ በ«ኢንግ» ያልቃል፦ «ኢንቱ ጎይንግ»። «ቱ ጎ» የሚከተለው «ፐርስዌድ»ን ነው፤ ለመደበኛ ደብዳቤም የሚሻለው እሱ ነው።