ሞተር በተገጠመለት ብስክሌት ላይ ሰንሰለቱ ለምን ይወልቃል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ተራ ብስክሌት ላይ ሞተር የሚገጥም ሰው ልቡ ያለው ሞተሩ ላይ ነው። ካርቡሬተሩን ሲፈታ፣ ካንዴላውን ሲያጸዳ ሁለት ቀን ይቆያል፤ የኋላውን ስፕሮኬት (ሰንሰለቱ የሚያርፍበትን ባለ ጥርስ ክብ ብረት) ግን ብሎኖቹን አጥብቆ በግማሽ ሰዓት ያልፈዋል። እኔም የመጀመሪያዬን የሠራሁት እንደዚያ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሰንሰለቱ ወልቆ በጎማውና በፍሬሙ መካከል ተሰነቀረ፤ አራት የጎማ ሽቦ በጠሰ፣ ጎማውን ቆለፈ፣ እኔንም አስፋልት ላይ ጣለኝ።

የምናገረው በብዛት ስለሚሸጠው ኪት (ሞተሩና መግጠሚያዎቹ ያሉበት ጥቅል) ነው። ሞተሩ ባለ ሁለት ምት ሲሆን «80 ሲሲ» ይባል እንጂ የሲሊንደሩ ልክ ሲሰላ 66 ሲሲ ገደማ ነው። ከሞተሩ ላይ ባለ 10 ጥርስ፣ ከኋላ ጎማ በግራ በኩል ደግሞ በ9 ብሎን የሚታሰር ባለ 44 ጥርስ ስፕሮኬት አለው። ሰንሰለት የምለውም እነዚህን ሁለቱን የሚያገናኘውን ነው፤ የፔዳሉ ሌላ ነው።

«ሰንሰለቱ ከተንጋደደ መወጠሪያው ያስተካክለዋል»

ከሁሉም በላይ ሰው የሚጎዳው ይህ እምነት ነው። መወጠሪያው ፍሬሙ ላይ የሚታሰር፣ ሰንሰለቱን የሚጫን ትንሽ ጎማ ነው፤ ሥራውም የላላውን ሰንሰለት መሰብሰብ ብቻ ነው። የተንጋደደ ሰንሰለትን በግድ ወደ ጎን እንዲገፋ ካደረግነው፣ ሰንሰለቱም መልሶ እሱን ይገፋዋል። መወጠሪያው የታሰረበት የፍሬም ቧንቧ ደግሞ ቀጭን ነው፤ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥርም እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ ማሰሪያው ይንሸራተትና መወጠሪያው ዞሮ ሽቦዎቹ ውስጥ ይገባል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሞተሩ ሲጎትት የሚወጠረው የላይኛው ሰንሰለት ነው፤ መወጠሪያው ያለበት የታችኛው ላላ ይላል። ሞተሩን በፔዳል ስናስነሳ ግን ጎማው ሞተሩን ስለሚጎትት የታችኛው በድንገት ይወጠራል። መወጠሪያው ከቦታው የሚነቃነቀው ብዙውን ጊዜ በዚያች ቅጽበት ነው። ቧንቧው ከሰንሰለቱ ጋር ትይዩ ስላልሆነ የመወጠሪያው ጎማ ጋደል ብሎ ይቀመጣል፤ ማሰሪያውን ጠምዝዞ ከሰንሰለቱ ጋር አንድ መስመር ላይ ማዋል ግድ ነው።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ የጎማው ቀጥታ፣ ቀጥሎ ስፕሮኬቱ፣ ከዚያ የሞተሩ አቀማመጥ፣ መወጠሪያው መጨረሻ። ያለ መወጠሪያ ቀጥ ብሎ የማይሄድ ሰንሰለት፣ መወጠሪያ ስለተጨመረለት ቀጥ አይልም።

«ጎማው ቀጥ ብሎ ከዞረ ስፕሮኬቱም ቀጥ ብሎ ይዞራል»

ስፕሮኬቱ በጎማው እምብርት ላይ አልታሰረም። በሁለት ክብ ላስቲኮች መካከል ሽቦዎቹን አጣብቆ የሚያዝ ነገር ነው፤ ላስቲክ ደግሞ አንዱ ጎን ላይ በዝቶ ሊጨመቅ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ጉድለቶችን ለየብቻ መፈለግ ያስፈልጋል። አንደኛው ስፕሮኬቱ ወደ ግራና ቀኝ መወዛወዙ ነው፤ ሁለተኛው ከመሃል ወጥቶ ወደ ላይና ወደ ታች መዝለሉ።

ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ቁራጭ ሽቦ ፍሬሙ ላይ እሰሩና ጫፉን ወደ ጥርሶቹ አስጠጉት፤ ከዚያ ጎማውን በእጃችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩ። ስፕሮኬቱ ወደ ውጭ በወጣበት ቦታ ያሉትን ብሎኖች ጠበቅ፣ ወደ ውስጥ በገባበት ደግሞ ላላ አድርጉ። ከመሃል ከወጣ ሁሉንም ብሎኖች ትንሽ አላልታችሁ ከፍ ያለውን ጎን በእንጨት መታ መታ ማድረግ ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እኔ አንድ ምሽት ሙሉ የፈጀብኝ ጊዜ አለ፤ አልቆጨኝም።

«ብሎን በጠበቀ ቁጥር ይሻላል»

ላስቲኩ ወደ ጎን እስኪያብጥ ድረስ ማጥበቅ ሽቦዎቹን በሚሻገሩበት ቦታ ያጎብጣቸዋል። የብስክሌት ሽቦ የተሠራው ርዝመቱን ተከትሎ ለመወጠር ነው፤ ከጎን ሲጫኑት ይሰበራል። እያንዳንዱን ብሎን በአንድ ጊዜ ሩብ ዙር ብቻ አዙሩ። ዘጠኝ ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ ትክክለኛ ፊት ለፊት የሚባል ብሎን የለም፤ እኔ አራት አራት እየቆጠርሁ እሄዳለሁ፤ 1፣ 5፣ 9፣ 4፣ 8፣ 3፣ 7፣ 2፣ 6። እንዲህ ሲደረግ ግፊቱ እኩል ይዳረሳል። ላስቲኩ ከተነዳ በኋላ ስለሚረጋ፣ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ብሎኖቹንና የጎማውን ቀጥታ ደግማችሁ ፈትሹ።

«ሰንሰለቱ ካልገጠመ የኋላውን ጎማ ወደ ጎን ገፋ ማድረግ ነው»

ጎማው የፍሬሙ መሃል ላይ መቀመጥ አለበት፤ እሱን ማንጋደድ የፔዳሉን ሰንሰለትና ፍሬኑን ያበላሻል። ስፕሮኬቱ በመጠኑ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ገልብጦ በመግጠም ብቻ መስመሩ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ይሸሻል። ከዚያ ረጅም ቀጥ ያለ ማስመሪያ ጥርሶቹ ላይ አስተኝታችሁ ወደ ሞተሩ ዘርጉት። ከፊተኛው ስፕሮኬት ጋር ካልገጠመ፣ የሞተሩን ማሰሪያ አላልቶ ሞተሩን ትንሽ ማዞር ይቻላል።

«በደንብ የተወጠረ ሰንሰለት አይወልቅም»

ይወልቃል፤ የሞተሩን ኩሽኔታም ይበላል። በመሃሉ ላይ በጣት ሲጫኑት 12 ሚሊሜትር ያህል መርገብ አለበት። ልኩ የሚወሰደው ጎማውን ሙሉ ዙር አዙሮ ሰንሰለቱ ከሁሉ በላይ በሚወጠርበት ነጥብ ላይ ነው።

«የብስክሌት ሰንሰለትም ይሠራል»

ሁለቱም በመገጣጠሚያዎቻቸው መካከል 12.7 ሚሊሜትር ስላላቸው ይመሳሰላሉ። ከኪቱ ጋር የሚመጣው 415 የሚባለው ሰንሰለት ግን የውስጥ ስፋቱ 4.8 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ማርሽ የሌለው ብስክሌት ሰንሰለት 3.2 ብቻ። ጥርሱ በትክክል አይገባለትም፤ ጥንካሬውም አይበቃም። የማያያዣው ክሊፕ ሲገባ ደግሞ የተዘጋው ጫፍ ሰንሰለቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን፤ ማያያዣው በላይኛው በኩል ሲሆን ወደ ሞተሩ፣ በታችኛው በኩል ሲሆን ወደ ኋላ ጎማ ማለት ነው።