አረንጓዴ ቀለም ዓሣ አያረባም

ከባሕር ዳርቻ ርቆ ዓሣ ለማርባት ያሰበ ሁሉ ዛሬ መጀመሪያ የሚከፍተው የኢንተርኔት ካርታ ነው። ይክፈት። የሚያታክተው ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ «ቦታ አገኘሁ» ማለቱ ነው።

«ካርታው ላይ አረንጓዴ ከሆነ ቦታው ተስማሚ ነው»

አይደለም። የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር፣ ኖዋ፣ በ2021 ለሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤና ለደቡብ ካሊፎርኒያ ያወጣቸውን የባሕር እርባታ ቦታ መምረጫ አትላሶች ተመልከቱ። ባሕሩ በባለ ስድስት ጎን ክፍሎች ተሸንሽኖ እያንዳንዱ ክፍል ከ0 እስከ 1 ነጥብ ተሰጥቶታል። ነጥቡ በዋናነት የሚለካው ግጭትን ነው፦ የጦር ልምምድ ክልል፣ የመርከብ መስመር፣ የነዳጅ ቧንቧ፣ አጥማጆች፣ ጥበቃ ያላቸው እንስሳት። ከፍተኛ ነጥብ «እዚህ የሚጣላችሁ ጥቂት ነው» ይላል። ዓሣው ይወፍር አይወፍር ሌላ ጥያቄ ነው።

ስሌቱ የዘርፎቹን ነጥብ አባዝቶ አማካይ ያወጣል እንጂ አይደምርም፤ ስለዚህ በአንዱ ዘርፍ 0 ያገኘ ክፍል በጠቅላላውም 0 ነው። ካርታው «አይሆንም» ሲል እመኑት። «ይሆናል» ሲል ግን የትኛው ሌየር (ካርታው ላይ የተደረበ የመረጃ ንብርብር) መረጃ እንደጎደለው ፈትሹ፤ ያልተመዘገበ ግጭት እንደሌለ ይቆጠራልና። ለምሳሌ የመርከብ እንቅስቃሴ ሌየር የሚሠራው ከኤአይኤስ፣ መርከቦች ማንነታቸውንና ቦታቸውን በራሱ ከሚያስተላልፍ መሣሪያ፣ ምልክት ነው። በአሜሪካ ሕግ መሣሪያውን የመያዝ ግዴታ በአመዛኙ ርዝመታቸው 65 ጫማና ከዚያ በላይ በሆነ የንግድ መርከቦች ላይ ነው። ትንንሾቹ ጀልባዎች ባዶ በሚመስለው ውኃ ላይ ሲያጠምዱ ይውላሉ። ወደቡ ሄዳችሁ ጠይቁ።

«የውኃ ፍሰቱን ካርታው ነግሮኛል»

የነገራችሁ አማካዩን ነው፤ ያውም ብዙዎቹ ዓለም አቀፍ ሞዴሎች አንድ ቁጥር የሚሰጡት ጎኑ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ለሚጠጋ ካሬ ነው። መልሕቅ የሚነቅለው አማካዩ አይደለም። የውኃ ግፊት በፍጥነቱ ስኩዌር ያድጋል፦ አማካዩ በሰከንድ 0.2 ሜትር በሆነበት ቦታ አንድ ቀን 0.8 ቢመጣ ኬጁ (ዓሣው የሚረባበት የመረብ ጎጆ) ላይ የሚያርፈው ኃይል 16 እጥፍ ነው። ፍሰቱ ሲቆም ደግሞ ኩሱ ከኬጁ ሥር ይከማቻል፣ ኦክስጅን ያንሳል። ስለዚህ ፍሰት መለኪያ ወለሉ ላይ ቢያንስ ለ30 ቀን አስቀምጡ፤ አንድ ሙሉ የጨረቃ ዑደት ይሸፍናል። ከላይ፣ ከመረቡ መሃልና ከወለሉ አጠገብ ያለውን ለየብቻ አንብቡ። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይህም አይበቃም፤ ከሉፕ ከረንት፣ ከባሕረ ሰላጤው ትልቅ የውኃ ጅረት፣ ተገንጥለው የሚመጡትን አዙሪቶች የአንድ ወር መለኪያ ላያያቸው ይችላል።

ሞገድም እንዲሁ ነው። ካርታው ላይ ያለው ቁመት ከሞገዶቹ ሁሉ ሲሶ የሚሆኑት የትልልቆቹ አማካይ ስለሆነ ነጠላ ሞገድ እጥፉን ሊደርስ ይችላል።

«ኬጁን የሚያህል ቦታ ብከልል ይበቃኛል»

መልሕቆቹስ? በ50 ሜትር ጥልቀት ገመዱ የጥልቀቱ 3 እጥፍ ከሆነ መልሕቁ ወደ 140 ሜትር ገደማ ርቆ ያርፋል። ላይ 100 በ100 ሜትር የሆነው፣ ወለሉ ላይ 380 በ380 ይሆናል። ቧንቧና የባሕር ሣር መፈተሽ ያለበት በዚህኛው ስፋት ነው።

«የሳተላይቱ ሙቀት ዓሣው የሚኖርበት ሙቀት ነው»

የውኃው የላይኛው ገጽ ብቻ ነው።

«ኖዋ ከመረጠው ፈቃድ አለው»

የለውም። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መሐንዲሶች ፈቃድና፣ ለትልልቅ የዓሣ እርባታዎች፣ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው የፍሳሽ ፈቃድ ለየብቻ ይጠየቃሉ።

«ኮኦርዲኔት ኮኦርዲኔት ነው»

የባሕረ ሰላጤው የነዳጅ ብሎክ ካርታዎች የተሠሩት በናድ 27፣ በድሮ የኮኦርዲኔት መነሻ ሥርዓት፣ ነው፤ የስልካችሁ ጂፒኤስ ግን በሌላ ሥርዓት፣ በደብልዩጂኤስ 84፣ ያነባል። ሳይቀየር ከተገለበጠ ቦታው በአሥራት ሜትሮች ይሳሳታል፤ ቧንቧ አጠገብ መልሕቅ ለሚጥል ይህ ቀላል አይደለም።