ልብ ከተመለሰ በኋላ የአንጎል ፊልም የሚያሳየው

ደሴ፣ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ። አስታማሚው የሲቲ ስካን ፊልሙን ከትልቁ ፖስታ አውጥቶ ወደ ብርሃን ያነሣዋል። «ንጹሕ ነው» ተብሏል። ወንድሙ ግን ልቡ ቆሞ፣ ደረቱን ተጭነው ከመለሱት ወዲህ ዓይኑን አልገለጠም። ታዲያ ንጹሕ ማለት ምን ማለት ነው?

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ከኦክስጅኑ ግን 20 በመቶውን ይወስዳል፤ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ስንቅም የለውም። ደም ሲቋረጥበት ሰው በሴኮንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል። 4 ወይም 5 ደቂቃ ካለፈ ጉዳት ይጀምራል። ይህ ጉዳት ቶሎ ፊልም ላይ አይወጣም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲቲ የሚነሣው በዋናነት ልቡን ያቆመው የአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ እንዳይሆን ለማጣራት ነው።

ጉዳቱ ከባድ ከሆነ አንጎሉ ውሃ ይቋጥራል። በጤናማ ሲቲ ላይ ግራጫውና ነጩ ክፍል ይለያሉ። (ስሙ ግራጫ ይሁን እንጂ ሲቲ ላይ ደመቅ የሚለው እሱ ነው። ተማሪ ሁሉ እዚህ ጋ ይሳሳታል።) እብጠት ሲመጣ ድንበራቸው ይደበዝዛል፣ በአንጎል እጥፋቶች መካከል ያለው ክፍተት ይደፈናል። አንዳንዴ እብጠቱ ራሱ የደም መፍሰስ መስሎ ያታልላል፤ የፈሰሰ ደም ግን የለም።

ኤምአርአይ (በማግኔት የሚሠራው ማንሻ) የበለጠ ያያል። ከ2ኛው እስከ 7ኛው ቀን ሲነሣ የተጎዱት ቦታዎች ቦግ ብለው ይታያሉ፦ የአንጎል ቅርፊት፣ በአንጎል ጥልቀት ያሉት ታላመስና ባዛል ጋንግሊያ፣ ከኋላ በታች ያለው ሴሬቤለም። ቀኑ ሲገፋ ድምቀቱ እየከሰመ ይሄዳል፤ የዘገየ ፊልም ሊሸነግል ይችላል። ችግሩ ማሽኑ አልጋ ድረስ አይመጣም፤ ታማሚው ነው ወደ እሱ የሚወሰደው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ጤነኛውም ወንበር ይጨብጣል፤ በመተንፈሻ መሣሪያ ያለን ታማሚ ማንቀሳቀስማ ሌላ ጣጣ ነው።

ፊልም ብቻውን ግን አይፈርድም። ልባቸው ቆሞ ለተመለሰ ታማሚዎች እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የአውሮፓ መመሪያ ቢያንስ 72 ሰዓት ጠብቆ የዓይን ብሌን ለብርሃን የሚሰጠውን ምላሽ፣ የአንጎል ሞገድንና የደም ምርመራን አብሮ ማየትን መክሯል።

ከነቁትም መካከል ትውስታን የሚያትመው ሂፖካምፐስ የተጎዳባቸው አሉ። እንዲህ ያለው ሰው የልጅነቱን ሰኞ ገበያ ሱቅ በሱቅ ይቆጥርልሃል። አቦሉን ጠጥቶ ሲያበቃ ደግሞ «ቡና አልተፈላም እንዴ?» ይላል።